አማሮኔ፦ «ተበላሸ» ተብሎ የተወለደው ወይን ጠጅ

ጠጅ ቤት የገባ ሰው ገና ከመቀመጡ የሚቀርብለት ጥያቄ «ደረቅ ነው ለስላሳ?» የሚል ነው። ለስላሳው ማሩ ገና አፍ ላይ የሚቀር ነው። ደረቁ ግን እርሾው ማሩን በልቶ ጨርሶት ጣፋጭነቱ የጠፋ፣ ኃይሉ ብቻ የቀረ ነው። ጠጅ ጣይዋ ጋኑን በጊዜው ካልከፈተች፣ ለስላሳ ይሆናል ብላ የጣለችው ደረቅ ሆኖ ይጠብቃታል። ይህን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ ዛሬ በዓለም ላይ ከታወቁት ውድ ቀይ ወይን ጠጆች አንዱ የሆነው የኢጣሊያ አማሮኔ እንዴት እንደተገኘ ማስረዳት ብዙም አያስቸግርም። አማሮኔ ለስላሳ ይሆናል ተብሎ ተጥሎ ደረቅ ሆኖ የተገኘ ነው። ባለቤቶቹም ለብዙ ዘመን «ተበላሸ» እያሉ ያዝኑበት ነበር። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አገሩ በሰሜን ምሥራቅ ኢጣሊያ፣ በቬኔቶ ክፍለ ሀገር፣ ከቬሮና ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው ቫልፖሊቼላ ነው። በአንድ በኩል ጋርዳ የሚባለው ትልቅ ሐይቅ፣ በሌላው በኩል የሌሲኒ ተራሮች አሉ። ከተራሮቹ ወደ ሜዳው የሚወርዱት ሸለቆዎች እንደ እጅ ጣቶች የተዘረጉ ናቸው። ኮረብታዎቹ በደረቅ ድንጋይ ካብ እርከን የተሠሩ ሲሆኑ፣ ካቡን የአገሩ ሰው «ማሮኜ» ይለዋል። ኮንሶን ያየ ሰው የካቡ ሥራ እንግዳ አይሆንበትም። ከጥንት ጀምሮ ወይን የሚተከልባቸው አምስት ቀበሌዎች ኔግራር፣ ማራኖ፣ ፉማኔ፣ ሳንት አምብሮጆና ሳን ፒዬትሮ ኢን ካሪያኖ ናቸው። የሚተከሉት ዋና ዋና የወይን ዘሮች ደግሞ ኮርቪና፣ ኮርቪኖኔና ሮንዲኔላ ይባላሉ። ሞሊናራ የሚባለውም አለ፤ ዛሬ ግን ፈላጊው ጥቂት ነው። እነዚህ ዘሮች ከአካባቢው ውጭ እምብዛም አይታወቁም። ኮርቪና ለብቻው በተለመደው መንገድ ሲጠመቅ ቀለል ያለና ከምግብ ጋር የሚወርድ ወይን ጠጅ ነው የሚሰጠው። ኃይለኛ የሚያደርገው ዘዴው ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። መከሩ ሲደርስ ሠራተኞቹ ጤነኛውን፣ ፍሬው ያልተጨናነቀውንና ነፋስ የሚያሳልፈውን ዘለላ በዓይናቸው እየመረጡ በእጃቸው ይቆርጣሉ። ዘለላው ተጨምቆ ወደ ጋን አይገባም፤ ወደ ቆጥ ይወጣል። ከቤት በላይ ባለው፣ መስኮቱ ብዙ በሆነው ቆጥ ውስጥ በሸምበቆ መደብ ላይ ሳይደራረብ ይዘረጋል። መደቡ «አሬሌ» ይባላል። ቀድሞ ያው መደብ የሐር ትል ማርቢያ ነበር፤ የቬኔቶ ገበሬ በጸደይ ሐር ትሉን ያረባበታል፣ በመከር ወይኑን ያደርቅበታል። ድሃ ገበሬ አንዱን ዕቃ ለሁለት ሥራ ማዋሉ የትም ያው ነው። ዘለላው ከ3 እስከ 4 ወር ያህል ሲከርም ክብደቱ ከ30 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ውኃው ተንኖ ስኳሩ፣ ቀለሙና ጠረኑ ይቀራል። ጭጋግ በበዛበት መከር ሻጋታ ከገባ ግን የዓመቱ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ መስኮቱ እንደ ነፋሱ ሁኔታ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የበሰበሰው ፍሬ ሲለቀም ይከርማል። ዛሬ አብዛኛው ቆጥ በእንጨት ፈንታ የፕላስቲክ ሣጥን፣ በመስኮት ፈንታ የነፋስ ማራገቢያ አለው። ፍሬው የሚጨመቀው ከገና በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንቶች ሲሆን፣ ብርዱ ስለሚጠነክር እርሾው በዝግታ ይሠራል። መደበኛው የቫልፖሊቼላ ወይን ጠጅ በአጭር ጊዜ ፈልቶ ሲያበቃ አማሮኔ ሳምንታት ይፈጅበታል።

ወይንን አድርቆ የመጠቀም ዘዴ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወይን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው። በቤተ ልሔም ዘቢቡ ታጥቦ፣ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል። እርጥብ ወይን እንደ ልብ በማይገኝበት አገር፣ የደረቀው ፍሬ ከሩቅ ተጭኖ ዓመቱን ሙሉ መቀመጥ የሚችል ነው። በስደት አገር በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ቅዳሴ የጀመሩ ምእመናንም አስቀድመው ከሚያስቡባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ዘቢብ ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የቤተ ልሔሙ ዘቢብ ፈጽሞ የደረቀና ውኃ የሚጨመርበት ሲሆን፣ ለመፍላት ጊዜ አይሰጠውም። የቬሮናው ገበሬ ግን ፍሬውን ዘቢብ ከመሆኑ በፊት ከመደቡ ያወርደዋል፣ ጠብታ ውኃ አይጨምርበትም፣ ያፈላዋልም።

ቬሮናዎች ይህን ዘዴ መቼ እንደጀመሩት ቀኑን ቆርጦ መናገር አይቻልም። የሮማው አውግስጦስ ቄሣር፣ ያ ዓለም ሁሉ እንዲጻፍ ያዘዘው፣ ከወይን ጠጆች ሁሉ አብልጦ ይወድ የነበረው «ሬቲክ» የተባለውን የዚያን አካባቢ ወይን ጠጅ እንደ ነበር ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒዩስ ጽፏል። ስለ ማድረቁ ግልጽ አድርጎ የጻፈው ካስዮዶሩስ ነው። ካስዮዶሩስ ኢጣሊያን በስድስተኛው መቶ ዘመን ይገዙ በነበሩት የጎት ነገሥታት ቤተ መንግሥት ከፍተኛ ሹም ነበር። ከ533 እስከ 537 ባሉት ዓመታት ዋና እንደራሴ ሳለ ለቬኔቶ ግብር ሰብሳቢ ደብዳቤ ይጽፋል። ጉዳዩ ቀላል ነው፤ በንጉሡ ማዕድ ላይ «አቺናቲኮ» የሚባለው የቬሮና ወይን ጠጅ አልቋልና ፈልገህ ላክ ነው። ሹሙ ግን እንዲህ ባለ አጭር ትእዛዝ የሚረካ ሰው አልነበረም። ወይኑ በመከር ተቆርጦ እንዴት እንደሚሰቀል፣ እስከ ዲሴምበር እንዴት እየተጨማደደ እንደሚጣፍጥ፣ ሌላው ወይን ጠጅ ሁሉ በጋኑ ውስጥ ሲያረጅ ይህ በክረምት ገና አዲስ ሆኖ መፍሰሱን በመገረም ያትታል። ይጠጣል ወይስ ይበላል እስከሚያሰኝ ድረስ ወፍራም መሆኑንም ይናገራል። ግዛት በሚናወጥበት፣ የቢዛንታይን ጦር ኢጣሊያን ሊወር በተነሣበት ዘመን አንድ ባለ ሥልጣን ስለ አንድ መጠጥ ይህን ያህል ቀለም ማፍሰሱ የሚያስገርም ነው፤ ለታሪክ ግን ደግ አድርጓል። ዛሬ የአማሮኔ ነጋዴዎች ይህን ደብዳቤ እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ያሳዩታል። እውነቱን ለመናገር ግን የካስዮዶሩስ ወይን ጠጅ ጣፋጭ ነበር። ስለዚህ የልደት ወረቀቱ የአባትየው እንጂ የልጁ አይደለም።

አባትየው «ሬቾቶ» ይባላል። ስሙ የመጣው በአካባቢው ቋንቋ ጆሮ ማለት ከሆነው «ሬቼ» ነው። ከወይኑ ዘለላ በላይ በግራና በቀኝ ወጣ ብለው ፀሐይ በደንብ የሚያገኙት ክንፎች እንደ ጆሮ ስለሚታዩ ነው፤ ቀድሞ ለማድረቅ ይመረጡ የነበሩትም እነርሱ ናቸው። ሬቾቶ ጥቂት የሚሠራ፣ ለእንግዳና ለበዓል የሚቀመጥ ጣፋጭ ወይን ጠጅ ነው። የደረቀው ፍሬ ስኳሩ ብዙ ስለሆነ እርሾው ሁሉንም ሳይበላው ይደክማል፣ ብርዱም ያስተኛዋል። የተረፈው ስኳር ነው ጣፋጭነቱ።

ችግሩ የሚመጣው ጸደይ ሲገባ ነው። ሙቀት ሲነካው አንዳንዱ በርሜል ውስጥ የተኛው እርሾ ይነቃና የተረፈውን ስኳር እስከ መጨረሻው ይበላል። ገበሬው ለፋሲካ ጣፋጩን ሊቀዳ በርሜሉን ሲከፍት አልኮሉ ከፍ ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ደረቅ መጠጥ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለውን «ሬቾቶ ስካፓ» ይሉት ነበር፤ ያመለጠ ሬቾቶ ማለት ነው። ሌላው መጠሪያው «አማሮ»፣ መራራ፣ ነበር። የሚመር ሆኖ ሳይሆን ጣፋጭ አለመሆኑን ለመናገር ነው። ለመሆኑ ያመለጠው ሁልጊዜ ይናቅ ነበር? አልነበረም። ሺፒዮኔ ማፌይ የተባለው የቬሮና ሊቅ በ18ኛው መቶ ዘመን ስለ አገሩ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከደረቀ ወይን የሚሠራ «አማሮ» መኖሩን ጠቅሷል። ገበያ ግን አልነበረውም። ገበያ የሌለው ነገር ደግሞ ስም አይወጣለትም።

ስሙ የወጣለት በ1936 ጸደይ ነው ይባላል። ኔግራር ውስጥ በ1933 የተቋቋመ የወይን ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ አደሊኖ ሉኬዜ አንድ የተረሳ የሬቾቶ በርሜል ያገኛል። ቀድቶ ሲቀምሰው ጣፋጭነቱ ጠፍቷል። ሆኖም ሽታውና ጉልበቱ አስደነቀው፤ ይህስ ተራ አማሮ አይደለም፣ «አማሮኔ» ነው አለ ይባላል። በኢጣሊያንኛ ቃል ላይ «ኦኔ» ሲጨመር ነገሩን ያገዝፈዋል፤ «ታላቁ መራራ» እንደ ማለት ነው። ይህ ታሪክ በየጉብኝቱ ለእንግዳ የሚነገር፣ በየጊዜውም እየተዋበ የመጣ ስለሆነ ቃል በቃል መቀበል አያስፈልግም። ያመለጠ ሬቾቶ ከሉኬዜ በፊት መቶ ጊዜ ተቀምሷል። አዲሱ ነገር፣ ስሕተቱን ከማፍሰስ ይልቅ ስም ሰጥቶ ሊሸጠው ያሰበ ማኅበር መገኘቱ ነው። በ1930ዎቹ ማለቂያ ላይ «አማሮኔ» የሚለው ስም በዚያው ማኅበር ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ መታየቱ ደግሞ የተረጋገጠ ነው።

የ1936 ጸደይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሌላ ትርጉም እንዳለው የታወቀ ነው። ሉኬዜ በርሜሉን ቀመሰ በተባለበት ወራት ማይጨው ሆኗል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጥተዋል፣ የኢጣሊያ ጦርም ሜይ 5 ቀን፣ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ገብቷል። የመንግሥታቱ ማኅበር በኢጣሊያ ላይ ከኖቬምበር 1935 ጀምሮ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን ሳይነካ የኢጣሊያን ዕቃ መግዛትን ግን ከልክሎ ነበር። ወይን ጠጅም ከተከለከለው ዕቃ ውስጥ ነበር። ታንኩን የሚያንቀሳቅሰው ዘይት እየገባ፣ የገበሬው በርሜል እንዳይወጣ መደረጉ የዚያን ማዕቀብ ከንቱነት ከብዙ ንግግር ይልቅ ያሳያል። ማዕቀቡም በ1936 ጁላይ ተነሣ። አማሮኔ በዚህ ምክንያት ተወለደ ማለት ግን አይቻልም፤ በርሜሉና ወረራው በአንድ ወቅት ከመገናኘታቸው በቀር አንዱ ለሌላው ምክንያት መሆኑን የሚያሳይ ነገር የለም። ቬሮና ራሷ ግን ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር አንድ ሌላ ክር አላት። በኦክቶበር 1935 መረብን ተሻግሮ ወረራውን የጀመረው ማርሻል ኤሚልዮ ዴ ቦኖ በሙሶሊኒ ላይ ድምፅ በመስጠቱ ተከስሶ፣ ከሙሶሊኒ አማች ከጋሌያዞ ቻኖና ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር በጥይት የተደበደበው በዚያችው ከተማ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 1944 ነው።

በጦርነቱ ምክንያት አማሮኔ ወደ ገበያ የወጣው ዘግይቶ ነው። በ1950ዎቹ ቦላና ቤርታኒ የተባሉት የቬሮና ቤቶች ጠርሙሱን ለሰፊው ገበያ አቀረቡት። አገሩ ግን ገና ድሃ ነበር። ዛሬ ሀብታም የሚባለው ቬኔቶ ከ19ኛው መቶ ዘመን ማለቂያ ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝቡን ወደ ብራዚል፣ ወደ አርጀንቲና፣ በኋላም ወደ ቤልጅግና ወደ ስዊስ የሰደደ ክፍለ ሀገር ነው። የኮረብታው እርከን ጠባቂ አጥቶ ብዙው ካብ ፈርሷል። የቀረው ገበሬ ርካሹን የሜዳ ወይን ጠጅ በብዛት ማምረት ያዘ፤ በአሜሪካና በእንግሊዝ «ቫልፖሊቼላ» የሚለው ስም ለብዙ ዓመት የርካሽ መጠጥ ስም የሆነውም በዚህ የተነሣ ነው። በ1968 የኢጣሊያ መንግሥት የቫልፖሊቼላን ክልል በሕግ ሲከልል አምስቱን ነባር ቀበሌዎች «ክላሲኮ» ብሎ ለየና ክልሉን ወደ ምሥራቅ ሸለቆዎች አሰፋው። አማሮኔ ያኔ እንኳ ራሱን አልቻለም። ጠርሙሱ ላይ «ሬቾቶ ዴላ ቫልፖሊቼላ አማሮኔ» ተብሎ ነበር የሚጻፈው፤ የአባቱን ስም አስቀድሞ። ለብቻው መጠራት የጀመረው 1990 ገደማ ነው። ከፍተኛው የመንግሥት ማዕረግ የተሰጠው ደግሞ በ2010 ነው። በሕጉ መሠረት አልኮሉ ከ14 በመቶ ማነስ የለበትም፣ ከመከሩ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት መቆየት አለበት፣ «ሪዜርቫ» የሚባለው ደግሞ አራት ዓመት።

በዚህ መካከል ማዚ የተባለው ቤት በ1964 አንድ አሮጌ የገበሬ ዘዴ ወደ ገበያ አወጣ። አማሮኔ ተቀድቶ ሲያልቅ የሚቀረው አተላ ገና ስኳርና ኃይል አለው። በላዩ ላይ ተራው ቫልፖሊቼላ ሲፈስበት እንደገና ይፈላል፣ ይወፍራልም። ስሙ «ሪፓሶ» ነው። ጠላ ቤት ያደገ ሰው ቅራሪ ትዝ ይለዋል፤ ቅራሪ ግን በውኃ ይቀጥናል፣ ሪፓሶ በወይን ጠጅ ይበረታል።

የአማሮኔን ስም ወደ ላይ ያወጡት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ከሁሉም የሚጠቀሰው ጁዜፔ ኩዊንታሬሊ ነው (1927 - 2012)። በኔግራር ኮረብታ ላይ በአባቱ ቤት እየሠራ፣ ሌላው ሲቸኩል እርሱ ወይን ጠጁን በትልልቅ በርሜል ለዓመታት እያስቀመጠ፣ ዝግጁ ያልመሰለውን ዓመት በአማሮኔ ስም ሳይሸጥ ኖረ። የእጅ ጽሑፍ የሚመስለው ወረቀቱ የተለጠፈበት ጠርሙስ ዛሬ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል። ገና ወጣት ሳለ ወደ እርሱ መጥቶ የተማረው ሮማኖ ዳል ፎርኖ ደግሞ የኢላዚ ሸለቆ ሰው ነው። ኢላዚ ከነባሮቹ አምስት ቀበሌዎች ውጭ ነው። በ1968 «ለምን ክልሉ ሰፋ» ብለው ለሚያጉረመርሙት የዳል ፎርኖ ወይን ጠጅ የሚያሳፍር መልስ ሆኗል። ቢሆንም ቅሬታቸው ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ዳል ፎርኖ አንድ ነው፤ በእርሱ ስም የተጠለለው የሜዳ ወይን ግን ብዙ ነው።

ዋጋው ሲወጣ ሁሉም ወደ ቆጥ ተሻማ። ክልሉ ዛሬ ከ8 ሺህ ሄክታር በላይ ወይን አለው። ቀድሞ ገበሬው ከዘለላው ጆሮውን ብቻ ያወጣ ነበር፣ በኋላ የመከሩ እኩሌታና ከዚያም በላይ እየወጣ ገበያው ርካሽ አማሮኔ ሞላበት። በ2009 አንዳንድ ነባር ቤተሰቦች ተሰባስበው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፣ ከአምራቾቹ ጠቅላላ ማኅበር ጋርም ስለ ስሙ አጠቃቀም ፍርድ ቤት እስከ መቆም ደረሱ። ጠቅላላው ማኅበርም ቢሆን ባለፉት ዓመታት ወደ ቆጥ የሚወጣውን ድርሻ በየመከሩ እየቀነሰ መጥቷል። ክርክሩ የክብር ብቻ አይደለም። ጠርሙሱ ሲረክስ የኮረብታውን ካብ የሚጠግን፣ ዘለላውን አንድ በአንድ የሚመርጥ ሠራተኛ የሚከፈለው ያጣል። ያን ጊዜ የሚሠራው ማን ነው? የዛሬው የኢጣሊያ መከር ያለ ስደተኛ እጅ አይሰበሰብም። በጁላይ 2024 በቬሮና አውራጃ በእርሻ ላይ የሚሠሩ 33 ሕንዳውያን፣ ለሥራ ፈቃድ ብዙ ሺህ ዩሮ ከፍለው ከመጡ በኋላ ፓስፖርታቸው ተነጥቆ በሰዓት 4 ዩሮ ሂሳብ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ የኢጣሊያ ፖሊስ ነጻ አውጥቷቸዋል። ጉዳዩ ከአማሮኔ አምራቾች ጋር የተያያዘ ነው አልተባለም። ፓስፖርት መነጠቅ ምን እንደሆነ ግን በቤይሩትና በሪያድ ያሉ እኅቶች ያውቁታል፤ ትላንት ልጆቹን በመርከብ ወደ ብራዚል የሸኘ አገርም ሊያውቀው ይገባ ነበር።

ሬቾቶ ዛሬም ይሠራል፤ ከአማሮኔ አጠገብ ሲታይ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ለአባቶች ልማድ ሲሉ ጥቂት በርሜል ይይዛሉ። ለጣፋጭ ወይን ጠጅ የሚከፍል ደንበኛ ቀንሷልና። የመጋዘኑም ሥራ ተገልብጧል። ቀድሞ የመጋዘን ኃላፊ በጸደይ በየበርሜሉ እየዞረ የሚቀምሰው እርሾው ስኳሩን እንዳይጨርስበት ፈርቶ ነበር። የዛሬው የሚፈራው እርሾው በብርዱና በአልኮሉ ብዛት ደክሞ መሀል ላይ እንዳይቆምበት ነው። ሕጉ በአማሮኔ ውስጥ ሊቀር ለሚችለው ስኳር ወሰን አበጅቶለታል። ከዚያ በላይ ጣፋጭ ሆኖ የቀረ በርሜል አማሮኔ ተብሎ አይሸጥም፤ ተበላሸ ይባላል።